የበሬን የልብ ሽፋን አጥቦ ስቴም ሴል ማሳደግ፦ ከቄራ እስከ ማይክሮስኮፕ

ስቴም ሴል ወደ ተለያየ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው። ፕላስቲክ ሳህን ላይ ብታስቀምጡት ይኖራል፤ ይባዛልም። ነገር ግን ምን ዓይነት ሴል መሆን እንዳለበት የሚጠቁመው ነገር የለም። ሰውነት ውስጥ ሲሆን ዙሪያውን የከበበው የኮላጅን፣ የኢላስቲንና የሌሎች ፕሮቲኖች መረብ ይጠቁመዋል። ይህን መረብ ባለሙያዎቹ ማትሪክስ ይሉታል። መረቡ ጠጣር ነው ወይስ ለስላሳ? ቃጫዎቹ ወዴት ያመራሉ? ላያቸው ላይስ ምን ተጣብቋል? ሴሉ ይህን ሁሉ እየዳሰሰ ነው መንገዱን የሚይዘው።

እ.ኤ.አ. በ2006 አዳም ኤንግለርና ዴኒስ ዲሸር በፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ከአጥንት መቅኔ የሚገኙ ስቴም ሴሎችን በጥንካሬያቸው በሚለያዩ ጄሎች ላይ አሳደጉ። እንደ አንጎል በለሰለሰው፣ ከ0.1 እስከ 1 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) በሚሆነው ጄል ላይ ያረፉት የነርቭ ሴል መልክ ያዙ። ከ8 እስከ 17 ኪሎፓስካል ባለው ላይ ያረፉት ወደ ጡንቻ አደሉ። ከ25 እስከ 40 ባለው ላይ ያሉት ደግሞ ወደ አጥንት። የቀረበላቸው ምግብ አንድ ዓይነት ነበር።

ታዲያ ከእንስሳ የተወሰደ ቲሹ ላይ ሴሎቹን አጥበን መረቡን ብቻ ማስቀረት ከቻልን፣ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ስካፎልድ፣ ማለትም ሴል የሚያድግበት መደገፊያ፣ እጃችን ገባ ማለት ነው። በዚህ መመሪያ የምንሠራው ይህንኑ ነው። የመረጥኩት ቲሹ የበሬን ልብ የሚሸፍነው ስስ ከረጢት ነው፤ ፔሪካርዲየም ይባላል። ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ ፈሳሽ በቀላሉ ይዘልቀዋል። ሙሉ ልብ ወይም ኩላሊት ቢሆን በደም ሥሩ በኩል ፈሳሽ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልግ ነበር። ይኼኛው ሳህንና ሼከር ይበቃዋል። ቄራ ውስጥም እንደ ልብ ይገኛል። የአሳማ ቲሹ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው የሃይማኖት ጥያቄ ደግሞ እዚህ የለም፤ ለእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሴሎቹን ማውጣት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ ሴሎቹን ያወጣችሁበትን ሳሙና መልሶ ማውጣት ነው። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

ሌላው፣ ይህ የላቦራቶሪ ምርምርና የልምምድ መመሪያ ነው። ከዚህ የሚወጣ ነገር ሰው ላይ አይደረግም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሼከር (ዕቃ የሚነቀንቅ ማሽን)፣ ፍሪጅና ፍሪዘር፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት፣ 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝ ኢንኩቤተር ያስፈልጋችኋል። ከኬሚካል ደግሞ ትሪስ (ፒኤች የሚያረጋጋ)፣ ኢዲቲኤ፣ ኤስዲኤስና ትራይተን ኤክስ-100 (ሁለቱም ዲተርጀንት፣ ማለትም ሳሙና ነክ ናቸው)፣ ዲኤንኤዝ፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ፔርአሴቲክ አሲድ፣ ፒቢኤስ (ፒኤቹ የተረጋጋ የጨው ውኃ) እና ፔኒሲሊን-ስትሬፕቶማይሲን (አንቲባዮቲኩ) አዘጋጁ።

ኤስዲኤስ ዱቄቱ ቀላል ነው፤ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይበናል። አፍንጫና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስትመዝኑ ማስክና መነጽር አድርጉ፤ በፊውም ሁድ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ፔርአሴቲክ አሲድማ ቆዳ ይበላል፤ ያለ ጓንት እንዳትነኩት።

ስለ ኤስዲኤስ ሁለት ነገር እወቁ። ብርድ አይወድም። በተለይ ወፈር አድርጋችሁ የበጠበጣችሁት ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። አዲስ አበባ ላይ በክረምት ጠዋት ክፍሉ ራሱ ከዚያ ሊወርድ ስለሚችል፣ ጠርሙሱ ደፍርሶ ብታገኙት አትደንግጡ። 37 ዲግሪ ላይ አሙቁት፤ ይጠራል። ሁለተኛ፣ ከፖታሲየም ጋር አይስማማም። ፒቢኤስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም አለ። ስለዚህ ኤስዲኤስን በትሪስ እንጂ በፒቢኤስ አትበጥብጡ።

ደጋ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ስለ ኦቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ጀርም ስለሚገድለው ማሽን። ብዙ መመሪያ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል ይላል። ይህ የባሕር ጠለል ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ የማሽኑ ጌጅ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት ገና 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ይጠጋል። ማሽናችሁ ያን ያህል ግፊት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። ቴርሞሜትር ካለው ግን ጌጁን ትታችሁ ቴርሞሜትሩን እመኑ።

ደረጃ 1፦ ከቄራ መውሰድ

በሬው እንደታረደ ከረጢቱን ውሰዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፤ ጤነኛ ተብሎ ካለፈ ከብት መሆን አለበት። ከረጢቱን ቀዝቃዛ ፒቢኤስና አንቲባዮቲክ ባለበት ዕቃ ውስጥ ከታችሁ በበረዶ ይዛችሁ ተመለሱ። በዚያው ቀን ሥራ ጀምሩ። ካልተቻለ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት።

ቢያንስ ከ3 በሬዎች ውሰዱ። ይህ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር ነው። ከአንድ በሬ የተቆረጡ 12 ቁራጮች ለስታቲስቲክስ አንድ ናሙና ናቸው።

ደረጃ 2፦ ማጽዳትና መቁረጥ

ስቡን በመቆንጠጫና በምላጭ ልጣችሁ አውጡ። ስብ ከቀረ ዲተርጀንቱ አይገባም። ከረጢቱ ሁለት ገጽ አለው፤ ወደ ልብ የሚዞረው የሚያንሸራትት ለስላሳ ነው፤ የውጪው ሻካራና ቃጫ የበዛበት ነው። ሴል ስትዘሩ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ከታጠበ በኋላ ግን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ 2 በ2 ሴንቲሜትር እየቆረጣችሁ፣ ለስላሳው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ የቀኝ ላይኛውን ጥግ ትንሽ ቁረጡለት። አንድ ጥግ ብቻ ከተቆረጠ ቁራጩ ሲገለበጥም ያው ስለሚመስል፣ ከተቆረጠው ጥግ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በቀኝ ጎኑ ላይ ሁለተኛ ትንሽ ቁርጥ ጨምሩ፤ ሁሉም ቁራጭ ላይ በዚያው ጎን ይሁን።

ከእያንዳንዱ በሬ ሳይታጠብ የሚቀር አንድ ቁራጭም አስቀሩ። በኋላ የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።

ደረጃ 3፦ ሴሎቹን ማፈንዳት

10 ሚሊሞላር ትሪስ በፒኤች 8.0 አዘጋጁና 0.1 በመቶ ኢዲቲኤ ጨምሩበት። ለ1 ግራም ቲሹ ቢያንስ 20 ሚሊሊትር አድርጉ። ቁራጮቹን አስገብታችሁ 4 ዲግሪ ላይ በሼከር ይደሩ። ጨው የሌለበት ውኃ ወደ ሴሎቹ ይገባል፣ ሴሎቹም ያብጡና ይፈነዳሉ።

ሲፈነዱ ግን ማትሪክሱን የሚበሉ ኢንዛይሞች አብረው ይወጣሉ። ብርዱም ኢዲቲኤውም የገቡት እነሱን ለመያዝ ነው። እንደ አፕሮቲኒን ያለ የፕሮቲኤዝ ማገጃ ካላችሁ ጨምሩ።

ደረጃ 4፦ ኤስዲኤስ

0.1 በመቶ ኤስዲኤስ በትሪስ፤ ማለትም በ1 ሊትር 1 ግራም። 24 ሰዓት፣ በክፍል ሙቀት፣ በሼከር ላይ። መሃል ላይ ፈሳሹን አንዴ ቀይሩት።

ቁራጩ ሮዝ ሆኖ ይገባል፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ፈተና ይመጣል። ተዉት። ኤስዲኤስ ሴሉን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ ከማትሪክሱ ላይ ስኳር ነክ ሞለኪውሎችንና ዕድገት አነሳሽ ፕሮቲኖችንም ይዞ ይሄዳል። ስቴም ሴሉን ይመራሉ ብለን ተስፋ የምናደርግባቸው እነሱ ናቸው። ይበልጥ ንጹሕ ለማድረግ ተብሎ ዲዳ የሆነ ኮላጅን ይዞ መቅረት አለ።

ደረጃ 5፦ ማለቅለቅ

ልብስ ኦሞው በደንብ ሳይወጣ ከደረቀ የለበሰውን ሰው ያሳክከዋል። እዚህ ግን ማሳከክ ብቻ አይደለም፤ ኤስዲኤስ የሴል ሽፋን የሚቀድ ኬሚካል ነው። ቁራጩ ውስጥ ከቀረ በኋላ የምትዘሩትን ስቴም ሴል ይገድላል። እናንተ ደግሞ ስካፎልዱ ለሴል አይመችም ብላችሁ ትደመድማላችሁ።

ችግሩ ኤስዲኤስ ከፕሮቲን ጋር አጥብቆ መያያዙ ነው። አንድ ሁለቴ አለቅልቆ መተው አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2008 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሃራልድ ኦትና ዶሪስ ቴይለር የአይጥን ልብ በሙሉ ሴሎቹን አጥበው፣ አዲስ ሴል ዘርተውበት እንዲመታ አድርገዋል። የዲተርጀንቱ ጊዜ 12 ሰዓት ነበር። ማጠቡ ከ5 ቀን በላይ ወሰደ። ይህን ምጣኔ አስታውሱ።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ በንጹሕ ትሪስ ወይም በዲስቲልድ ውኃ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቁ። ወደ ፒቢኤስ በቀጥታ አትሂዱ፤ ያ ፖታሲየም ኤስዲኤሱን ቲሹው ውስጥ እንዳለ ሊያዘቅጠው ይችላል። ቀጥሎ 1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 ለ30 ደቂቃ፤ ትራይተን ኤስዲኤሱን ከፕሮቲኑ ለማላቀቅ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ፒቢኤስና አንቲባዮቲክ። የመጀመሪያው ቀን በየ2 ሰዓቱ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ እየቀየራችሁ ከ3 እስከ 5 ቀን።

የማለቅለቂያውን ውኃ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። አረፋ ካለ ሳሙናው በእርግጥ አለ፤ ቀጥሉ። አረፋ ከሌለ ግን ወጥቷል ማለት ገና አይደለም። እሱን ደረጃ 8 ላይ እንለካዋለን።

ደረጃ 6፦ ዲኤንኤዝ

ሴሎቹ ሲፈነዱ ዲኤንኤያቸው እንደ ሙጫ ቃጫው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እሱን የሚቆራርጠው ዲኤንኤዝ ነው። በትሪስ ፒኤች 7.5 ውስጥ 50 ዩኒት በሚሊሊትር፣ ከ10 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ ጋር፣ 37 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት።

ዲኤንኤዝ ያለ ማግኒዚየም አይሠራም። ኢዲቲኤ ደግሞ ማግኒዚየምን የሚይዝ ኬሚካል ነው። ከደረጃ 3 የተረፈ ኢዲቲኤ ካለ ኢንዛይሙ እጁ ታስሮ ይቀመጣል፤ ውዱ ኢንዛይም በከንቱ ይሄዳል። ደረጃ 5ን በደንብ ከሠራችሁ ይህ አያሰጋም። ከጨረሳችሁ በኋላ በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ እጠቡ።

ደረጃ 7፦ ጀርም ማጥፋት

0.1 በመቶ ፔርአሴቲክ አሲድ በፒቢኤስ፣ ፒኤቹ ወደ 7 ተስተካክሎ፣ 3 ሰዓት። ከዚያ በካቢኔቱ ውስጥ ስቴራይል ፒቢኤስ እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ። መውጣቱን በማሽተት አትፈትሹ፤ አሲዱን ማሽተት ሳንባ ይጎዳል።

ቁራጩን ኦቶክሌቭ አታድርጉ፤ ኮላጅኑ ጄላቲን ይሆናል። አልኮልም ውኃውን መጥጦ ቃጫውን ያደርቀዋል። ጥንካሬው ተለወጠ ማለት ለሴሉ የሚነግረው ነገር ተለወጠ ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ እውነት ታጥቧል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ከቪየና የወጣ የሐኪሞች ዘገባ አለ። ሴሉ ታጥቧል የተባለ የአሳማ የልብ ቫልቭ ለ4 ልጆች ተደረገላቸው። 3ቱ ሞቱ። የ4ኛው ልጅ ቫልቭ ጉዳት ከማድረሱ በፊት ለጥንቃቄ ሲባል ወጣ። ቫልቮቹ ሲመረመሩ ያልታጠበ የሴል ቅሪት፣ የካልሲየም ክምችትና ከባድ ብግነት ተገኘባቸው። «ታጥቧል» የሚለው ቃል ያለ ማስረጃ ምንም ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው።

በዘርፉ በሰፊው የሚጠቀሰው መስፈርት ፒተር ክራፖ፣ ቶማስ ጊልበርትና ስቴፈን ባዲላክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡት ነው። በ1 ሚሊግራም ደረቅ ማትሪክስ ውስጥ ባለ ሁለት ሰንሰለት ዲኤንኤ ከ50 ናኖግራም በታች ይሁን። የቀረውም ርዝመቱ ከ200 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) አይብለጥ። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ኒውክለስ አይታይ። ሦስቱም መሟላት አለባቸው።

ቁራጩን አድርቃችሁ መዝኑ፣ በፕሮቲኔዝ ኬ አሟሙት፣ ዲኤንኤውን አውጥታችሁ ፒኮግሪን በሚባለው የዲኤንኤ ቀለም ለኩ። ናኖድሮፕ የሚባለው መለኪያ ማሽን አርኤንኤንም ሌላ ቆሻሻንም አብሮ ስለሚቆጥር እዚህ ላይ አይታመንም። ርዝመቱን አጋሮዝ ጄል ያሳያችኋል።

ለማይክሮስኮፑ ኤች ኤንድ ኢ ቀለም ተጠቀሙ፤ ዲኤንኤን የሚያበራ ዳፒ የሚባል ቀለምም ጨምሩ። ያልታጠበው ቁራጭ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች በሮዝ ቃጫ መሃል ተበትነው ታያላችሁ። እነሱ ኒውክለሶች ናቸው። የታጠበው ላይ ሮዙ ማዕበል ብቻ ይቀራል። ነጠብጣቦቹ በነበሩበት ቦታ ትንንሽ ባዶ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጠርዙን ብቻ ሳይሆን መሃሉን እዩ፤ ፈሳሽ ዘግይቶ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ዲኤንኤ ጠፋ ማለት ግን ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት አይደለም። የከብትና የአሳማ ሴል ላይ አልፋ-ጋል የሚባል ስኳር አለ። ሰው የለውም፤ ደማችን ውስጥ ደግሞ የሚቃወመው አንቲቦዲ አለ። ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው ይህንንም መመርመር አለበት።

አሁን ወደ ሳሙናው። ሜቲሊን ብሉ ከኤስዲኤስ ጋር ሲያያዝ ወደ ክሎሮፎርም ይሻገራል። የክሎሮፎርሙ ሰማያዊ በደመቀ ቁጥር የቀረው ኤስዲኤስ ብዙ ነው፤ በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል። ይህ ከሌላችሁ፣ ወይም ቢኖራችሁም ተጨማሪ፣ ሴሎቹን ራሳቸውን ጠይቁ። ቁራጩን በሴል ምግብ ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት አቆዩት፤ ያንን ምግብ ሳህን ላይ ላሉ ጤነኛ ሴሎች ስጡ። አይኤስኦ 10993-5 በሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት በሕይወት ያሉት ከ70 በመቶ በታች ከወረዱ ናሙናው መርዛማ ነው። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ደረጃ 9፦ ስቴም ሴል መዝራት

ከአጥንት መቅኔ ወይም ከስብ የሚገኙ ሜዘንካይማል ስቴም ሴሎችን ተጠቀሙ። ከ3ኛ እስከ 5ኛ ፓሴጅ (ሳህን ሲሞላ ወደ አዲስ ሳህን የተዛወሩበት ዙር) ያሉት ጥሩ ናቸው። የሰው ከሆኑ ላያቸው ላይ ሲዲ73፣ ሲዲ90 እና ሲዲ105 የሚባሉ መለያ ፕሮቲኖች ሊኖራቸው፣ ሲዲ34 እና ሲዲ45 ሊጎድላቸው ይገባል። ከሰው የሚወሰድ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የለጋሹ የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር እንዳትጀምሩ። ለልምምድ የበግ ሴል ከበቂ በላይ ነው።

ቁራጩን ከቀደመው ሌሊት ጀምሮ በሴል ምግብ ውስጥ አሳድሩት። ከምግቡ ሴረም የሚወጡት ፕሮቲኖች ቃጫው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሴሎቹ የሚጨብጡት ነገር ያገኛሉ። ጠዋት ላይ አውጡት፣ ትርፍ ፈሳሹን በፒፔት ምጠጡ፣ ሴል የማይዝ ዓይነት ባለ ጉድጓድ ሳህን ላይ አድርጉት። ለ1 ካሬ ሴንቲሜትር 50,000 ሴል በ30 ማይክሮሊትር ውስጥ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ ጠብ አድርጉ። በዙሪያው ባሉት ባዶ ጉድጓዶች ውስጥ ፒቢኤስ ሙሉ፤ አለበለዚያ ጠብታው ይደርቃል። 3 ሰዓት በኢንኩቤተር ይቆይ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ በጎን በኩል ምግቡን ሙሉ። ቸኩላችሁ ከላይ ካፈሰሳችሁ ሴሎቹን ታጥቧቸዋላችሁ።

በማግስቱ ቁራጩን ወደ አዲስ ጉድጓድ አዛውሩት። ሳህኑ ላይ የወደቁ ሴሎች አብረው ከተቆጠሩ ውጤቱ የውሸት ይሆናል። ከዚያ በላይቭ-ዴድ ቀለም እዩ፤ ሕያው አረንጓዴ፣ ሙት ቀይ።

ደረጃ 10፦ መራ ወይስ አስተናገደ?

አረንጓዴ ሴል አየሁ ብሎ ሥራው አለቀ የሚል ብዙ ነው። ሴሉ መኖሩ ስካፎልዱ እንዳልገደለው ብቻ ነው የሚያሳየው። መራው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

አራት ቡድን ያስፈልጋችኋል፦ ፕላስቲክ ላይ በተለመደው ምግብ፣ ፕላስቲክ ላይ አጥንት በሚያበቅለው ምግብ፣ ስካፎልድ ላይ በተለመደው፣ ስካፎልድ ላይ አጥንት በሚያበቅለው። አጥንት የሚያበቅለው ምግብ ዴክሳሜታዞን፣ አስኮርቢክ አሲድና ቤታ-ግሊሴሮፎስፌት አለበት። ስካፎልዱን ከዚህ ምግብ ጋር ብቻ ከሞከራችሁ፣ ያየነው ለውጥ ከምግቡ ይሁን ከስካፎልዱ መለየት አይቻልም። እኔ ብሆን ዓይኔ ሦስተኛው ቡድን ላይ ነው።

ሴል የሌለው ባዶ ቁራጭም በሁለቱም ምግብ አብሮ ይቆይ። ፔሪካርዲየም ራሱ ካልሲየም የመሰብሰብ ጠባይ አለው። ካልሲየምን ቀይ የሚያደርገውን አሊዛሪን ሬድ ስትቀቡት ባዶውም ከቀላ፣ ቀዩን ቀለም ሴሎቹ አመጡት ማለት አትችሉም። የጂን ምርመራ ስታደርጉም ሴሉ የሰው ከሆነ የሰውን ብቻ የሚያነብ ፕራይመር (የሚፈለገውን ጂን የሚለይ አጭር ዲኤንኤ) ምረጡ።

በ1ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ21ኛው ቀን ናሙና ውሰዱ። ፋሎይዲን ቀለም የሴሉን አጽም ያሳያል። ፕላስቲክ ላይ ሴሉ በየአቅጣጫው ተለጥጦ ይታያል። ስካፎልድ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጠን ብሎ የኮላጅኑን ማዕበል ተከትሎ ይረዝማል። በሦስተኛው ቡድን ውስጥ ቅርጹም ጂኑም ከፕላስቲኩ ካልተለየ፣ ስካፎልዱ ሴሉን አስተናገደው እንጂ አልመራውም። ይህም ውጤት ነው፤ እንዳለ ጻፉት።

የተረፈው

ያልተጠቀማችሁበትን ቁራጭ ስቴራይል ፒቢኤስ ከአንቲባዮቲክ ጋር አድርጋችሁ 4 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፤ ለጥቂት ሳምንት ይቆያል። ለረዥም ጊዜ ከሆነ ፍሪዝ ድራይ ማድረግ፣ ማለትም አቀዝቅዞ ማድረቅ፣ ይሻላል፤ ግን ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው እርጥቡንና ደረቁን በአንድ ሙከራ አትቀላቅሉ። ለልብ ቫልቭ ተብሎ በግሉታራልዴሃይድ የተዘጋጀ ፔሪካርዲየም ቢያገኙላችሁም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ያ ቃጫው እርስ በርሱ የታሰረና ለሴል የማይመች ነው።

የክሎሮፎርሙን ፍሳሽ በራሱ ጠርሙስ ለይታችሁ ጻፉበት፤ ሲንክ ውስጥ እንዳታፈሱ። የሴሉን ፍሳሽ በበረኪና ግደሉት። የፔርአሴቲክ አሲዱን ግን ከበረኪናው አርቁት፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።